ስለ መኪና ባትላሜራና ቀለም ሙያ፦ ስለ ወንድማቸው ለጠየቁን እህት የተሰጠ መልስ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እህታችን ያቀረቡትን ጥያቄ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ታናሽ ወንድምዎ የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ ባለማብቃቱ ቤት እንደዋለ፣ ኮምቦልቻ ያሉት አጎታችሁ ከሚያውቁት የባትላሜራና ቀለም ቤት፣ ማለትም የተጋጨ የመኪና አካል አቃንቶ ከሚቀባ ጋራዥ፣ አስገብተው ሙያ ሊያስይዙት እንዳሰቡ፣ ደሴ ያሉት እናታችሁ ግን «ቀለም ሳንባ ይበላል» ብለው እንደተቃወሙ ጽፈዋል። የጠየቁንም ሙያው እንጀራ ይሆን እንደሆነ፣ ኮሌጅ ገብቶ ቢማር ይሻለው እንደሆነና የእናታችሁ ሥጋት እውነት እንደሆነ ነው። እኔ ይህን ሙያ ደሴ በረዳትነት ጀምሬ፣ ባትላሜራውንም ቀለሙንም ሠርቼ፣ ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ ወጣቶችን እያሠራሁ የምተዳደርበት ስለሆነ፣ ሌሎች አባላት «ያዋጣል» ወይም «አያዋጣም» ብለው በአጭሩ ካለፉት ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከእናታችሁ ሥጋት ልጀምር፤ ከሦስቱ ጥያቄዎች የሚከብደው እርሱ ነውና። እናታችሁ እውነታቸውን ነው። ዛሬ በብዛት የምንረጨው ቀለምና በላዩ የሚደረበው ብርሃን አሳላፊ ክሊር ሃርድነር ከሚባል ማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚደርቅ ነው፤ በሃርድነሩ ውስጥ ደግሞ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ይህ ኬሚካል በቀለም መርጫ ሽጉጥ ሲረጭ በደቃቅ ጤዛ መልክ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ወደ ሳንባ ይገባል፣ በቆዳም በኩል ይጎዳል፣ በአንዳንድ ሠራተኞች ላይም አስም ያመጣል። እንደ ቀለም ማቅጠኛው ቲነር የሚያስጠነቅቅ ሽታ ስለሌለው ሠራተኛው ምንም የተነፈሰ አይመስለውም። ከዚህ የሚብሰው ግን ሰውነት አንድ ጊዜ ከተቆጣበት በኋላ እጅግ ጥቂት መጠን እንኳ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ሊቀሰቅስ መቻሉ ነው፤ እዚህ ደረጃ የደረሰ ቀለም ቀቢ ሙያውን ጨርሶ ከመተው ሌላ አማራጭ የለውም። ገና በጉልበታቸው ሳሉ ሽጉጥ ያስቀመጡ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፤ እነርሱን ባየሁ ቁጥር ለአዲስ ገቢ ልጆች ይህን ነገር ደጋግሜ መናገር ግዴታዬ እንደሆነ ይሰማኛል።

ሆኖም ጉዳቱ መከላከያ ያለው ጉዳት ነው። አፍንጫ ላይ የሚታሰረው ጨርቅም ሆነ የሐኪም ቤቱ ቀጭን ማስክ ለዚህ ሥራ ከንቱ ነው። ለተራ የቲነር ሽታና ለብናኝ ግማሽ ፊት የሚሸፍነው፣ የከሰልና የብናኝ ማጣሪያ በጎንና በጎን የሚገጠምለት ጭምብል ይበቃል፤ ማጣሪያው በየጊዜው መለወጥና ከሥራ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ መቀመጥ ይኖርበታል። ሃርድነር ያለበት ነገር በሚረጭበት ጊዜ ግን የሚመከረው ንጹሕ አየር በቱቦ ከውጭ የሚመጣለት ሙሉ መሸፈኛ ነው። ይህ አየር ቀለም ከሚረጭበት ኮምፕሬሰር እንዲሁ በቀጥታ የሚወሰድ መሆን የለበትም፤ ዘይትንና ጋዝን የሚለይ የመተንፈሻ ማጣሪያ የግድ ያስፈልገዋል። ጢም የሚያሳድጉ ወንድሞቻችን ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ፤ የግማሽ ፊት ጭምብል በጢም ላይ አይገጥምም፣ በጎን በኩል አየር ያስገባል፤ ጢሙን መቁረጥ የማይፈልግ ሰው ጭንቅላትን ጠቅልሎ የሚይዘውን ዓይነት መጠቀም አለበት። ጓንትና እጀ ረጅም ቱታም ከዚሁ ጋር የሚታዩ ናቸው።

በየጋራዡ የሚነገረውን የወተት ነገርም እግረ መንገዴን ላንሳው። ከቀለም በኋላ ወተት መጠጣት መርዙን ያጥባል የሚለው እምነት ብዙ ወጣቶችን አዘናግቷል። ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ሳንባ ውስጥ የገባውን ነገር የሚያወጣበት መንገድ የለውም። ወተቱን ለምግብነቱ ይጠጣ፤ ወተትን በማጣሪያ ምትክ መቁጠር ግን ይቅር። እጅን በቲነር መታጠብም እንዲሁ መጥፎ ልማድ ነው፤ ቲነሩ ራሱ በቆዳ ይገባል፣ ቆዳውንም ያደርቀዋል። በምግብ ዘይት አሽቶ በሳሙና መታጠብ በቂ ነው፤ እንጀራ ከመቁረሱ በፊት መታጠቡ ደግሞ ለድርድር የማይቀርብ ነው።

ከዚህ በመነሳት ለእናታችሁ የምላቸው ይህ ነው፤ ልጁን ከሙያው ከመከልከል ይልቅ የሚገባበትን የመጀመሪያ ጋራዥ ይምረጡለት። የልጁ ጤናም፣ የእጁ ጥራትም፣ የኋላ ገቢውም ባብዛኛው እዚያ ይወሰናል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከአጎታችሁ ጋር ሄዳችሁ ግማሽ ቀን ያህል ቆማችሁ ተመልከቱ። ቀለም የሚረጭበት ቦታ ከሌላው ሥራ የተለየ መሆኑን፣ ጭሱን የሚያወጣ ማራገቢያ መኖሩን፣ ረጪው ምን እንደለበሰ፣ ረዳቶቹ እርሱ ሲረጭ በዚያው ክፍል ቆመው ይጠብቁ እንደሆነ ተመልከቱ። ቲነርና ቀለም በተቀመጠበት አጠገብ ብየዳ የሚበየድ፣ ሲጋራም የሚጨስ ከሆነ ሌላ ማየት አያስፈልግም፤ ተመለሱ። ባለቤቱን «ልጁን በስንተኛው ወር ሽጉጥ ታስይዘዋለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁትና «ነገውኑ» ካላችሁ ያም መልካም ምልክት አይደለም፤ ሥራውን ከሥሩ ሊያስተምረው አላሰበም ማለት ነው።

ከሥሩ ስል ከላሜራው ማለቴ ነው። ወጣቶች ወደዚህ ሙያ የሚሳቡት በሚያብለጨልጨው ቀለም ነው፤ እኔ ግን ልጁ መጀመሪያ ባትላሜራ እንዲማር አጥብቄ እመክራለሁ። ከጀርባ ብረት ተይዞ ከፊት በመዶሻ ሲመታ ላሜራው በሁለቱ መካከል ይሳሳል፣ ይለጠጣልም፤ የተለጠጠ ላሜራ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ወጣ ገባ እያለ ይጮኻል እንጂ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ ጎበዝ ባትላሜራ መጀመሪያ የግጭቱን አቅጣጫ ያነባል፤ በመጨረሻ የተጨማደደውን ቦታ አስቀድሞ እየፈታ ወደ መጀመሪያው የተመታ ቦታ ይመለሳል፤ የጀርባውን ብረት ከሚመታው ቦታ ጎን በማድረግም ሳይለጥጥ ያቃናል። የተለጠጠውን ቦታ በትንሽ ነጥብ አግሎና አቀዝቅዞ መሰብሰብ የተለመደ ጥበብ ነው፤ ይህ ግን በድሮው ለስላሳ ላሜራ የሚሠራ ነው። በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ በሮቹ መካከል ያለው ምሰሶና የመሳሰሉት ክፍሎች ከፍተኛ ጥንካሬ ካለው ብረት ስለሚሠሩ በእሳት ሲግሉ ጥንካሬያቸውን ያጣሉ። መኪናው ከውጭ ሲታይ የተጠገነ ይመስላል፤ በሚቀጥለው ግጭት ግን ምሰሶው ተሳፋሪውን አይጠብቀውም። ይህን የሚያውቅና የማያውቅ ባትላሜራ በገበያው ላይ ለጊዜው እኩል ሊከፈላቸው ይችላል፤ ልዩነታቸው ግን የሰው ሕይወት ነው።

ስለ ብየዳም አንድ ሁለት ቃል ልጨምር። ቀጭን ላሜራ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ይቀደዳል፤ ልጁ በጋዝ ተሸፍኖ ሽቦ እየመገበ የሚበይደውን ማሽን መልመድ ይኖርበታል። ከብየዳ በፊት ባትሪ መንቀል፣ ከነዳጅ ጋኑና ከነዳጅ ቱቦው መራቅ፣ መቀመጫና ምንጣፍ ማውጣት የዕለት ደንብ ነው። የሻንሲ ቁጥር የተቀረጸበትን ቦታ መቁረጥ፣ መፋቅ ወይም በብየዳ መሸፈን ፈጽሞ አይገባም፤ ቁጥሩ የማይነበብ ወይም ከሊብሬው ጋር የማይገጥም መኪና ባለቤቱንም ጋራዡንም ከሕግ ጋር ያጋጫል።

ከላሜራው ቀጥሎ ስቱኮ የሚባለው የጉድለት መሙያ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሥራው ነውር የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው። ስቱኮ የቀረችውን ጥቂት ጉድለት ለማስተካከል የተሠራ ነገር ነው፤ ከሦስት ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ይበቃዋል። መዶሻው መሥራት የነበረበትን ሥራ በስቱኮ የሚሞላ ሰው፣ መኪናው በኮረኮንች መንገድ ሲንቀጠቀጥ ስንጥቁን ያየዋል። ማድረቂያው ከስቱኮው ክብደት ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚገባው። የደረቀ ስቱኮ ውሃ ስለሚስብ በውሃ አይሞረድም፤ በደረቁ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ፣ ወደ 120ና 180፣ ከዚያም ወደ 320 እየተሸጋገረ ይለሰልሳል። ቁጥር መዝለል ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን የሻካራው ወረቀት ጭረት ከሥር ይቀርና ቀለሙ ደርቆ ሲሰበሰብ ተመልሶ ይታያል። ልጁ የመጀመሪያ ወራቱን አብዛኛውን በዚህ ሥራ ላይ ያሳልፋል፤ ክንድ ይደክማል፣ አቧራ አለው፣ ማንም አያመሰግንበትም። ከታገሠው ግን እጁ ዓይኑ የማያየውን ጉብታና ጉድጓድ መለየት ይጀምራል። ያ የእጅ ዕውቀት ሲመጣ ልጁ ባለሙያ ሆነ ማለት ይቻላል።

ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢራራቁም፣ ለቀለም ሥራ ግን ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ጉም የማይለያት ብርዳም ከተማ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል፣ አየሩም ይሞቃል። ጠዋት ደሴ ላይ ውጭ ያደረ መኪና ላሜራው ከአየሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ፣ ዓይን የማያየው እርጥበት ይይዛል። ቲነሩ ሲተን ደግሞ የተቀባውን ቦታ ይበልጥ ስለሚያቀዘቅዘው በአየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቀለሙ ላይ ያርፋል፤ በተለይ ያለ ሃርድነር፣ ቲነሩ ሲተን ብቻ የሚደርቀው ናይትሮ ቀለም ነጣ ብሎ ይደበዝዛል። በብርድ ሃርድነር ሥራው ይዘገያል፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድማ ሊቆም ምንም አይቀረው። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ፈተና ስቱኮው ቶሎ እንዲደርቅ ማድረቂያ መጨመር ነው። የተረፈው ማድረቂያ ከሥር ወደ ላይ እየወጣ በቀለሙ ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ ያወጣል፤ እድፉም ደንበኛው መኪናውን ወስዶ ከሰነበተ በኋላ ስለሚታይ ስም ያጠፋል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ መኪናውን ከምሽቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ ማሳደር፣ ላሜራውን በመብራት ማሞቅ፣ ጉሙ እስኪገፈፍ መጠበቅ፣ በሐምሌና በነሐሴ የሥራ ቀጠሮን ማራዘም።

ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። በቀትር ሙቀት ቲነሩ ቀለሙ ላሜራው ላይ ሳይደርስ ስለሚተን ቀለሙ እንደ ዱቄት ሻክሮ ያርፋል፣ ወይም የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ገጽ ያወጣል። ክሊሩ ከላይ ፈጥኖ ሲደርቅ ደግሞ ከሥር የታፈነው ቲነር መውጫ ፈልጎ ጥቃቅን ፊኛ ይሠራል። እዚህ የሚያስፈልገው ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መግዛት፣ በየንብርብሩ መካከል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማናፈስና ጠዋት በማለዳ መርጨት ነው። በደሴ የተማረውን ቅመማ ሳይለውጥ ኮምቦልቻ የሚረጭ ሰው ሥራው ሲበላሽበት ቀለሙን ይወቅሳል። በሁለቱም ከተማ ግን የኮምፕሬሰሩ ጋን ጠዋት ማታ ውሃው መፍሰስ፣ በመስመሩም ላይ የውሃ መለያ መገጠም አለበት፤ አንዲት የውሃ ጠብታ የአንድ ቀን ሥራ ታበላሻለች። ልጁ በሁለቱም አየር መሥራት ቢለምድ እጅግ ይጠቅመዋል፤ አጎቱ ኮምቦልቻ፣ ቤቱ ደሴ መሆኑ በዚህ ረገድ ዕድል ነው።

ወደ ቀለም ማዛመድ ስመጣ፣ ማንም ገንዘብና ጊዜ ከማውጣቱ በፊት አንድ ምርመራ እንዲያደርግ እለምናለሁ። ቀለማትን በተለይም ቀይና አረንጓዴን በትክክል መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹም ራሳቸው አያውቁትም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ የዓይን ሕክምና ያለበት ቦታ ሄዶ የቀለም ዕይታውን ቢያስመረምር በአጭር ጊዜ ይታወቃል። ችግር ቢገኝበት እንኳ ባትላሜራ መሆን ይችላል፤ ቀለም ማዛመዱን ግን ለሌላ ይተዋል። ከዚያ ውጭ ማዛመድ የሚጀምረው የመኪናውን ቀለም ኮድ ከማንበብ ነው። በየመንገዱ የምናያቸው ብዙዎቹ ነጭ ቶዮታዎች 040፣ ብርማዎቹ ደግሞ 1ኤፍ7 የሚል ኮድ አላቸው። ኮዱ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ፀሐይ ያነጣውን መኪና በኮዱ ብቻ የሚቀባ ሰው በሩና ፓራፋንጎው ሁለት መኪና ይመስሉበታል። ነጩ ሲነጻጸር ገር ነው። ብርማው ግን በውስጡ ያሉት የብረት ቅንጣቶች እንደ ሽጉጡ ርቀትና እንደ አየሩ ግፊት አቀማመጣቸው ስለሚለያይ፣ በጎን ሲታይ ጠቁሮ ከፊት ሲታይ ይነጣል። ስለዚህ ቀለሙን ከተጠገነው በር ወደ ጎረቤቱ አካል ቀስ እያሉ አሳስቶ ማክሰም ያስፈልጋል። ሙከራው በቁራጭ ላሜራ ላይ ተረጭቶ፣ ክሊር ተደርቦበት፣ ከደረቀ በኋላ ደጅ በቀን ብርሃን መታየት አለበት፤ በጋራዥ አምፖል ሥር የተዛመደ ቀለም ብዙ ጊዜ ደጅ ሲወጣ ይለያል።

ስለ እንጀራው በአጭሩ ልመልስ፤ አያሠጋም። ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ ወደ ደሴና ወልድያ የሚወጣውና በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። የጭነት መኪና ጋቢናና ስፖንዳ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የፋብሪካ ሰርቪስ፣ ሁሉም ይጋጫል፣ ሁሉም ይዝጋል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወድዷል፤ በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚህ ምክንያት አገር ውስጥ ያለው መኪና ዋጋው ከፍ ስላለ ባለቤቱ ከመጣል ይልቅ ማስጠገንን ይመርጣል። በተጓዳኝ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። በእነርሱ ላይ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመ ነው፤ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ኃይሉ ሳይቋረጥ መቁረጥም መበየድም አይቻልም፣ ቀለሙንም በከፍተኛ ሙቀት ማድረቅ ባትሪውን ይጎዳል። ይህን ዛሬ የሚማር ወጣት ነገ በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች የማንቀበለውን ሥራ ይቀበላል።

ኮሌጅ ወይስ ጋራዥ ለሚለው፣ ሁለቱንም እላለሁ። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በአገራችን ወደ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን የታሰበ ነው፤ ተግባሩም ከድርጅት ጋር በትብብር እንዲሰጥ ነው ሐሳቡ። ልጁ ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሄዶ በአካል ጥገናና ቀለም ወይም በተቀራራቢው የአውቶሞቲቭ ሙያ በዚህ ዓመት የሚቀበሉትን ደረጃ ይጠይቅ፤ ማመልከቻው የሚዘጋበትንም ቀን ይያዝ። ኮሌጁ የብረት ዓይነቶችን፣ የኬሚካል አደጋን፣ ልኬትንና ንድፍ ማንበብን በሥርዓት ያስተምረዋል፤ ጋራዥ ውስጥ እነዚህን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ጌታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በአንጻሩ የእጅ ፍጥነትን፣ የደንበኛ አያያዝንና የተበላሸ ሥራ ማቃናትን የሚያገኘው ጋራዥ ውስጥ ነው። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ምዘና አልፎ የብቃት ማረጋገጫ መያዙ ደግሞ ድርጅት ሲቀጠርም፣ ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ መሥሪያ ቦታ ሲጠይቅም፣ እንደ ዋልያ ካሉ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶች ማሽን በሊዝ ለመውሰድ ሲያመለክትም ይረዳዋል። በጋራዥ ብቻ የተማሩ፣ እጃቸው ወርቅ የሆነ፣ ነገር ግን ወረቀት ስለሌላቸው ሲታለፉ የኖሩ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ይህ በወንድምዎ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

በመጨረሻ፣ አጎታችሁ ከጋራዡ ባለቤት ጋር የሚያደርጉት ስምምነት በጽሑፍ ይሁን። በሥልጠናው ጊዜ ለምሳና ለትራንስፖርት የሚሰጠው፣ ወደ ቀን ክፍያ ወይም ከየሥራው በመቶኛ ወደሚካፈልበት የሚሸጋገርበት ጊዜ፣ መጀመሪያ ላሜራ ቀጥሎ ስቱኮና ሙረዳ በመጨረሻም ቀለም የሚማርበት ቅደም ተከተል፣ ጭምብሉንና ማጣሪያውን የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ ጉዳት ቢደርስበት የሚያሳክመው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ባለቤቱ ማጣሪያ አልገዛም ቢል እንኳ ቤተሰቡ ገዝቶ ይስጠው፤ ከልብስም ከጫማም በፊት ይህ ይቅደም። የሚሄዱበትን ጋራዥ ካያችሁ በኋላ ያያችሁትን እዚሁ ብትጽፉልን፣ እኔም ሌሎች የሙያው አባላትም አስተያየታችንን እንሰጣችኋለን።